የረጋው ደም መዝገብ

«በባዶ ሆድ ነው የመጡት?» አለች ደም ቀጂዋ።

«ውሃ ብቻ ነው የቀመስኩት።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ሰውየው «አጎቴ» ነው፤ የስለላ አለቃዋ። እሷም «መርፌ» ናት። በዚህ ክሊኒክ ደም ስትቀዳ ስምንት ወሯ ነው።

የመድኃኒት ሙከራውን መዝገብ ከጋዋኗ ስር አውጥታ ሰጠችው።

አዲሱ የስብ መቀነሻ ክኒን የሚሞከረው በልብ ሕሙማን ላይ ነው። ስቡን ይቀንሳል። ደማቸውን ግን ያረጋል። ምርመራው መርጋቱን ባሳየ ቁጥር የክሊኒኩ ኃላፊ «ናሙናው በአያያዝ ተበላሸ» ብሎ ይጽፋል፤ የተበላሸ ናሙና ደግሞ አይቆጠርም። አስራ ዘጠኝ ሰዎች እንዲህ ተሰርዘዋል። ሦስቱ ሞተዋል። የቀሩት ዛሬም ክኒናቸውን ሊወስዱ ተቀምጠዋል።

አያያዙ የሷ ነበር። እጇ አንድም ናሙና እንዳላበላሸ ታውቃለች።

«ቅጂ አስቀርተሻል?»

አብረው በሠሩበት አምስት ዓመት አንዴም ይህን ጠይቋት አያውቅም። ቅጂ ማስቀረት ክልክል ነው።

ከትከሻው በላይ አየች። የክሊኒኩ ኃላፊ ከሁለት ዘበኞች ጋር ቆሟል።

ተሽጣለች።

«የለኝም።»

ነበራት።

«ጎበዝ። በኋላ በር ውጪ፤ ማንም አይነካሽም።»

«ሕሙማኑስ?»

«ሐኪም ነሽ እንዴ? ተይው እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

የኋላ በሩ በግራ ነው። የሕሙማኑ መጠበቂያ በቀኝ።

ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ወንበር ላይ ወጣች። ስልኳን ከፈተች። ጮኸች።

«አዲሱን ክኒን አትዋጡ! ደማችሁን እያረጋው ነው! የድሮ መድኃኒታችሁን ግን እንዳታቋርጡ!»

ከመዝገቡ ፎቶ ላይ የተሰረዙትን ሕሙማን ቁጥር ማንበብ ጀመረች። «ሰባት። አስራ አንድ።»

«አስራ አንድ እኔ ነኝ!» አሉ አንድ ጡረተኛ ሹፌር።

ዘበኛው ክንዷን ጨመደደ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ደገኑ።

«እስቲ ንካት! እኔ ፍሬን የለኝም!»

«አባባ፣ ልብዎን ያስቡ!» አለች «መርፌ»።

«ልቤማ ገና ዛሬ ሠራ!»

አዳራሹ ተነሣ። አስታማሚዎች በሩን ዘጉ፤ ስልኮች ተቀሰሩ። «አጎቴ» ፊቱን በጋዜጣ ለመሸፈን ሞከረ።

ከእኩለ ቀን በፊት፣ ቪዲዮውን ያዩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ክኒኑን አሸጉት። መዝገቡም ከ«አጎቴ» ጃኬት ወጣ።

የስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን «አናውቃትም» አለ። ፊቷ በየሰዉ ስልክ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ማንም አያሰማራትም። እናቷ ደጃፍ የማይታወቁ ሰዎች ስለቆሙ ወደዚያም አልሄደችም።

አልተጸጸተችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ፣ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ትኩር ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ የሆነ ቦታ አውቅሻለሁ።»

«ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አለችና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።