ጨርቅ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?

እኔ እኮ ሰው «ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ሲለኝ «አይጥ ነው» ብዬ ወሬውን የምዘጋ ሰው ነኝ፣ አሁንም ያው ነኝ፣ ይቺን አንዷን ግን አይጥ ናት ማለት አቃተኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፣ አዋሳ መሃል ከተማ ትልቁ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ሱቁን ያቆሙት ጋሽ ከድር የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ናቸው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር በዚህ በኩል ጨርቅ፣ በዚያ በኩል ጫማ፣ ከኋላ የቤት ዕቃ፣ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማይገዛው ሁሉ አምሮበት ለማየት ብቻ ይመጣ ነበር፣ እመኑኝ፣ ስንቱ እዚያ ተያይቶ ተጋብቷል! ኋላ ሱቁ የመንግሥት ሆነና ጋሽ ከድር ወደ አገራቸው ገቡ፣ ጨርቁም አለቀ፣ ጫማውም አለቀ፣ ሰፊዎቹም ተበተኑ፣ እኔና ሌላዋ ሻጭ እትዬ አስካለ ብቻ ሳሙናና ጨው ይዘን ቀረን።

አንድ የክረምት ቀን ልንዘጋ ስንል ዝናብ ያዘን። ከጨርቅ ክፍሉ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ፣ ያ ጠርዙ በመቀስ ተነክቶ በእጅ የሚቀደደው ረጅም «ጥርርር» አለ አይደል፣ እሱ። ቀጥሎ የእንጨት ሜትሩ ባንኮኒውን ቀጭ፣ ቀጭ ሲያደርግ።

«ሰማሽ?» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ የጨው ጆንያ እያሰሩ።

«አይጥ ነው እትዬ።»

«አይጥ በሜትር ይለካል እንዴ?»

ሳንነሳ ከዚያ ክፍል ዱካሌ ወጣች። ዱካሌ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ሴት ናት፣ ልጇን ልትድር ጨርቅ ፍለጋ ስትመላለስ የከረመች፣ እኛም «የለም» እያልን የምንመልሳት፣ የዚያን ቀን ግን ስትገባም አላየናት። ብብቷ ሥር አዲስ ሰማያዊ ባለ አበባ ጨርቅ ይዛለች።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ሰውዬው ሰጠኝ፣ ለልጅሽ ሰርግ ነው አለኝ» አለች፣ ሲዳምኛ በሚጫነው አማርኛዋ፣ ፊቷ በርቶ።

ሮጬ ገባሁ። ማንም የለም፣ መደርደሪያው ባዶ፣ ባንኮኒው ላይ ያለውን አቧራ ጣት አልነካውም፣ ክፍሉ ግን ለዓመታት የረሳሁትን የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸታል፣ ሜትሩም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ይልቅ የፈራሁት በሩ ላይ የሚፈትሸውን ጥበቃ ነበር፣ ያን ጊዜ ዕቃ ደብቆ ሸጠ መባል ቀልድ አይደለም፣ የምንታሰረው እኛ ነን።

«ጨርቁን እንቀበላት ይሆን?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እና ልጅቷ ምን ለብሳ ትዳር?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ጨርቁንም ወስደው ዱካሌ ወገብ ላይ ጠመጠሙት፣ ነጠላቸውን በላዩ ደረቡላትና ሸኟት። ጥበቃው ከዝናቡ ተኮራምቶ ቀና ብሎም አላያት።

በሩን ስንቆልፍ እትዬ አስካለ «ከድር ነው፣ ሱቁ አላስችለው ብሎ» አሉኝ። ሰውዬው አገራቸው ላይ በሕይወት አሉ፣ እንዴት ይሆናል ማለት ነበረብኝ፣ ግን ደስ አለኝ፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም ጠዋት ጠዋት ስከፍት «እንደምን አደሩ ጋሽ ከድር» ማለት ጀመርኩ።

ከሰርጉ በኋላ ዱካሌን ቱላ ገበያ አገኘኋት። ልጅቷ ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ አጠገቧ ቆማለች፣ በእጄ ዳሰስኩት፣ ጨርቅ ነው።

«ሰውዬውን አመስግኝልኝ» አለችኝ።

«ያን አጭሩን ሽማግሌ?»

«አጭር አይደለም፣ ሽማግሌም አይደለም። በጣም ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው ያናገረኝ።»

ጋሽ ከድር ከትከሻዬ አይበልጡም ነበር። እንዲያ ያለ ረጅም ሰው ደግሞ እዚያ ሱቅ ሠርቶ አያውቅም፣ እትዬ አስካለንም ጠይቄያለሁ።

ዱካሌ ግን አልጨረሰችም፣ እጄን ይዛ ፈገግ አለች። «አንቺን በስም ያውቅሻል» አለችኝ፣ «ያንቺንም ለይቶ አስቀምጧል፣ ጊዜው ሲደርስ እቆርጥላታለሁ ብሏል።»

ሱቁ ከዚያ መጋዘን ሆነ፣ እኔም ሌላ ቦታ ተመደብኩ፣ ይኸው አረጀሁ። ያን ቀን ዱካሌን የጨርቁን ቀለም ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እንደ መግነዝ ነጭ ነው እንዳትለኝ ፈርቼ ተውኩት።