ያንቺ የእኛ ነው

ይሄ ታሪክ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከሌላ ቦታም አልቀዳሁትም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ለመከራከር ጉልበት የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በዓይናችሁ አንብቡት እንጂ ድምፅ አውጥታችሁ ለማንም አታንብቡት።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚመጣው በጨለማ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ተሳስቷል።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ሰርግ፣ ስብሰባ፣ ምርቃት... የተጠራሁበት ሄጄ ማይክ እተክላለሁ፣ ስፒከር አቆማለሁ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ ዝቅ ከማደርግበት ሚክሰሬ ኋላ ቁጭ ነው። ቀጭን ስለሆንኩና ከገመድ ስለማልለይ "ሽቦው" ይሉኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ባለች አዳራሽ ውስጥ እሠራ ነበር።

እዚያ ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው የደረሰባቸውን ይናገራሉ። እውነተኛውን። ለእናታቸው እንኳ ያልነገሩትን።

አስተባባሪዋ ጠና ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። መክፈቻዋ ሁሌም አንድ ነው፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ትላለች። ከዚያ ተናጋሪው ይወጣል። ሆዱን ያራግፋል። ሲጨርስ "ይኸው የኔ" ይላል።

ታዳሚው በአንድ ድምፅ ይመልሳል።

"ያንተ የእኛ ነው!"

ሴት ከሆነች ደግሞ "ያንቺ የእኛ ነው!"

የማጽናኛ ቃል ነው። ማንም ሰው የሚለው ነው። እኔም ከዚያ ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

መጀመሪያ ሰሞን ከነሱ ጋር አለቅስ ነበር። በኋላ ግን... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደከመኝ። ሰው ሲንሰቀሰቅ ድምፁ ማይኩ ላይ ይፈነዳል፤ ቀነስ አደርጋለሁ። ሲያንሾካሹክ ከፍ አደርጋለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? የሰውን ለቅሶ ሳስተካክል ውዬ ቤቴ ስገባ፣ "ደህና ዋልክ?" ለሚለኝ ሰው እንኳ መልስ ማውጣት ያቅተኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሾፌሩ ነው።

ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቀኝ እግሩን ያነክሳል። መድረኩ ጣውላ ስለሆነ እርምጃው በጆሮ ማዳመጫዬ ይገባል።

ጓ... ሸርተት። ጓ... ሸርተት።

መኪናው እንዴት እንደተገለበጠ ተናገረ። ረዳቱ አጠገቡ እንዴት እንደሞተ። እሱ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ ሚስቱ እንዴት እንዳስታመመችው።

"እሷ ባትኖር አፈር በልቼ ነበር። ኮረዳዬ ነው የምላት። ጸጉሯ ሸብቶም ኮረዳዬ ነው የምላት... ይኸው የኔ።"

"ያንተ የእኛ ነው!"

ወረደ።

ጓ። ጓ። ጓ። ጓ።

ሸርተቱ የለም።

ማዳመጫዬን አውልቄ አየሁት። ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው። ደስ አለኝ። ተነፈሰና ቀለለው አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ፣ እንደ ልማዴ የቀዳሁትን ቅጂ ላስተካክል ከፈትኩት። የአስተባባሪዋ ድምፅ አለ። ከዚያ ዝምታ... ረጅም ዝምታ። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ሰው ሲያስል ይሰማል። የሾፌሩ ድምፅ ግን የለም።

መጨረሻ ላይ "ያንተ የእኛ ነው!" አለ። ጥርት ብሎ።

የማይኩ ገመድ ላልቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። የደከመው ሰው ምክንያት አያጣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳንጀምር አንዲት ትልቅ ሴት በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላ ጫማቸው የግራና የቀኝ አንድ ዓይነት አልነበረም። እየሮጡ ነው የመጡት።

"ባሌን ምን አደረጋችሁት?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማን ናቸው ባለቤትዎ?"

"ሾፌሩ ነዋ። አላውቅሽም አለኝ። አንቺ ማነሽ፣ ከቤቴ ውጪልኝ አለኝ..."

ያኔ ነው ፊት ረድፍ ላይ የነበረ ጎረምሳ ብድግ ያለው። ወንበሩን ይዞላቸው መጣ... በቀኝ እግሩ እያነከሰ።

"ተቀመጪ ኮረዳዬ" አላቸው።

የልጅ ልጃቸው የሚሆን ልጅ ነው። አንቺ ነው ያላቸው።

ከጎኑ የነበረች ቦርሳ ያነገተች ተማሪም ተነሳች። "ደክሞሻል ኮረዳዬ።"

ከኋላ ደግሞ ሌላ። "ምነው ቆየሽብኝ ኮረዳዬ?"

ሴትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

አስተባባሪዋን ጥግ ይዤ ጠየቅኳት። "ሽቦው፣ ምን ያስደነግጥሃል? ከብዶት ነበር፣ ተቀበልነው" አለችና ወንበር ልትደረድር ሄደች።

ጓ... ሸርተት። ጓ... ሸርተት።

ሥራውን ልተወው ቆረጥኩ። እህቴ ግን የአዳራሹን ዝና ከደንበኞቿ ሰምታ ኖሯል።

እታለም እላታለሁ። ታላቄ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው። ትልቁ ልጇ ባለፈው ክረምት ሞተባት። የቀረቻት ሚጣ ናት፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ወሬ የማይጠገብላት ትንሽ ልጅ። እኔ አልወለድኩም። በዚች ምድር ላይ ሮጣ የምታቅፈኝ እሷ ብቻ ናት።

"መድረኩ ላይ ልወጣ ነው" አለችኝ እታለም።

"አትሞክሪው!"

ሁሉንም ነገርኳት። የሾፌሩን እግር፣ ባዶውን ቅጂ፣ የሴትየዋን ነገር። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ብረሳውስ?" አለች በመጨረሻ።

"እታለም..."

"አንድ ሌሊት እንደ ሰው ልተኛ። ደክሞኛል ወንድም ዓለም። ደክሞኛል።"

በግድግዳው በኩል ስታለቅስ የምሰማት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰውን ለቅሶ ሰምቼ ስመለስ የሚጠብቀኝ የእሷ ለቅሶ ነው። አይሆንም የምልበት አቅም አልነበረኝም።

"እሺ" አልኳት። "ግን ስለ እሱ ብቻ። የሚጣ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ስሟንም፣ ምኗንም። በሞቴ!"

"አይወጣም አልኩህ እኮ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ሚጣን የሚይዝልን ሰው አጣንና ይዘናት ሄድን። ከጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኳትና ጥቅልል ገመድ ሰጠኋት። ዝም ብላ መጫወት ያዘች።

እታለም ወጣች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ትኩሳት ነበረው" አለች። "እኔ ደግሞ ለሰርግ የማደርሰው ልብስ ነበረብኝ። ተኛ የኔ ጌታ፣ ጠዋት ይሻልሃል አልኩት። ስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ... 'እማዬ፣ ድምፁ ይረብሸኛል' አለኝ። ትንሽ ነው የቀረኝ አልኩት። 'ይረብሸኛል' አለኝ ደግሞ። ትንሽ ነው የቀረኝ አልኩት..."

ቆመች። ማይኩ ትንፋሿን ብቻ አመጣልኝ።

"ከዚያ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እጅጌውን ሰፋሁ... ቁልፎቹን ተከልኩ... ጨርሼ ዞር ስል..."

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ስለ ሚጣ አንዲት ቃል አላወጣችም። በቃ ውረጂ፣ በቃ፣ እላለሁ በልቤ።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"ሌላ ምን እላለሁ... እኔ ከልጆቼ ሌላ ምን አለኝ? ይኸው የኔ።"

ልጆቼ።

ልጄ አላለችም። ልጆቼ።

እናት ናት። ምላሷ የለመደውን ነው ያወጣው።

"ተሳስታ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ማይኩን ዘጋሁት። "እንዳትመልሱ! ልጄ ልትል ነው! አንድ ነው!"

ታዳሚው በሙሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። እኩል። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ ዘመድ በአዘኔታ ነበር የሚያዩኝ።

ሁልጊዜ ይጮኹ ነበር። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ አሉት።

"ያንቺ የእኛ ነው..."

እታለም ወረደች። ከዓይኗ ሥር ያ ጥቁረት ጠፍቷል። ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ቀሚሷን ጎተተቻት።

እታለም ጎንበስ ብላ ጉንጯን ዳበሰቻት።

"ውይ ስታምር! የማን ልጅ ናት?"

ሚጣ ሳቀች። ጨዋታ መስሏት።

"ያንቺ!"

"የኔ?" እህቴም ሳቀች። "እኔ እኮ ልጅ የለኝም የኔ ቆንጆ።"

የሚጣ ሳቅ ቆመ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

"ነይ የኔ ልጅ" አለች አስተባባሪዋ፣ እጇን ዘርግታ።

"ነይ እናቴ" አለ ጎረምሳው።

"ነይ፣ እኔ ነኝ እማዬ" አሉ አንድ ጢማም ሽማግሌ። እንባቸው እየወረደ ነበር።

ሚጣን አፈፍ አድርጌ በደረጃው ወረድኩ። ሚክሰሬም፣ ስፒከሬም፣ ገመዴም እዚያው ቀሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሚጣ እኔ ጋ ገባች። እህቴ ከግድግዳው ማዶ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ወፍራለች። ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። ጠዋት በረንዳ ላይ ስንገናኝ ሚጣን "የወንድሜ እንግዳ፣ እንዴት አደርሽ?" ትላታለች። ሚጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሯ ሥር እየወደቀች አለቀሰች። ከዚያ ተወችው። "ደህና ነኝ" ብላ ታልፋለች።

ልጅም ይደክመዋል ለካ።

ያለፈው ቅዳሜ... ከሰዓት ነው። ሚጣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስዕል ትስላለች። እኔ አልጋው ላይ ጋደም ብያለሁ። ግቢው ውስጥ ኮቴ ሰማሁ።

የአንድ ሰው ኮቴ አይደለም።

ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። መጋረጃውን በቀስታ ገለጥኩት።

ግቢው ሞልቷል። አስተባባሪዋ፣ ጎረምሳው፣ ተማሪዋ፣ ጢማሙ ሽማግሌ... ሁሉም። አያወሩም። በር አያንኳኩም። ወደ መስኮቴም አያዩም። ዝም ብለው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

እጃቸው ነው ያስፈራኝ።

ሁሉም ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን አውጥተዋል፤ ግራው ትንሽ ከፍ፣ ቀኙ ዝቅ ብሎ። ጣቶቻቸው ታጥፈዋል። እናት ሁለት ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ መንገድ ስትሻገር እንደምትይዛቸው።

ግራ እጃቸው አይንቀሳቀስም።

ቀኝ እጃቸው ግን... ወዲህ ወዲያ ይላል። ሕፃን ልጅ እየዘለለች እንደምትወዘውዘው።

ከኋላዬ ሚጣ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"አጎቴ... እጄን ልቀቀኝ" አለች። "አሳመምከኝ እኮ።"

እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ሁለቱም እጆቼ መጋረጃው ላይ ነበሩ።