ከየቤቱ የተዋጣ ፍም

የወለሚት ወንዝ አንድ ማለዳ ወደ ላይ ፈሰሰ። የሰናድር ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ውሃው ፊቱን አዙሮ ወደ ተራራው ሲያዘግም፣ ዓሣዎችም በአሸዋው ላይ ሲንፈራገጡ አዩ።

የንጉሥ አርዶም ባለራእዮች «ሙጃር የተባለው ዘንዶ ምንጩ ላይ ተኝቷል፤ ከየቤቱ የተዋጣ ኃይል ብቻ ያስነሣዋል» ሲሉ ተነበዩ። ንጉሡም ከየቤቱ አንድ ጦረኛ ሰብስቦ አዘመተ። ሠራዊቱ ግን ያለፈበትን መንደር ጎተራ እያራቆተ፣ ስንቁም ሲያልቅ እየተበተነ፣ ተራራውን ሳይረግጥ ቀረ።

ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ዝማዊት ጓዟን ሸከፈች። የልጇ የሐመልሚት የጎመን ማሳ በወንዙ ዳር እየደረቀ ነበር፤ ከእሱ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

«እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ? ብትወድቂስ? ጅብ ቢያገኝሽስ?»

«አንቺ ያላሰብሽውንም አስቤዋለሁ። ድልድይ ቢሰበር ብዬ ገመድ ይዣለሁ።»

«ብቻሽን!»

«ጥግ የሚጠፋው ለሠራዊት ነው እንጂ ለአንዲት አሮጊት አይጠፋም። በአባቶቼ ምድጃ እምላለሁ፣ ወንዙን ሳልመልስ አልመለስም።»

በሰናድር እንግዳ ለማደሪያው ገንዘብ አይከፍልም። ካደረበት ቤት ፍም በሸክላ ይዞ ይመጣና በአዲሱ ቤት ምድጃ ላይ ይጨምረዋል፤ ጠዋትም ከተቀላቀለው ፍም ወስዶ ይሄዳል። ፍሙ የጠፋበት ሰው ግን የሙታን መልእክተኛ ነው ተብሎ ስለሚፈራ በር አይከፈትለትም።

ዝማዊት በዝግታ ተጓዘች። የሰጧትን በላች፤ ለአሳዳሪዎቿ ጥጥ ፈተለች። ጉልበቷ ሲያማት አረፈች፤ ክረምቱን በአንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት አሳለፈች። ነፋስ ሲነሣ ሸክላዋን ከፍታ ታያለች፤ ጸጥ ሲልም ጸጥታውን ስለማታምነው ታያለች። ፍሟን ሁልጊዜ በአመድ እንደዳፈነች፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ትተኛለች።

በተራራው ግርጌ፣ ከአንድ አጥር ውጭ፣ ዶርማል የተባለ ከተበተነው ሠራዊት የቀረ ጦረኛ ተኮራምቶ አገኘች።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ሙጃር።»

ሳቀ። «በምን ሊወጉት ነው? በእንዝርት?»

«ልጄ፣ ፍምህ ጠፍቶብሃል መሰለኝ።»

ሳቁ ተቋረጠ። «ነፋስ ወሰደብኝ። ሁለት መንደር አባረረኝ።»

ከራሷ ፍም አካፈለችው። «ክዳኑን አጥብቅ። ነፋስ ባይኖርም አጥብቅ። ወደ ቆላ ስትወርድ በወንዙ ዳር ሐመልሚት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ እስካሁን አልወደቀችም በላት።»

ምንጩ ፍል ውሃ ነበር። ሙጃር ኮረብታ የሚያህል ገላውን ጠቅልሎ ተኝቶበታል፤ ቅርፊቱን አመዳይ ሸፍኖታል። ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ግደይኝ እንጂ አታስነሺኝ» አላት። «አርጅቻለሁ። የጉሮሮዬ እሳት ጠፍቷል። ከዚህ ሙቀት ከተነሣሁ በብርድ አልቃለሁ።»

ዝማዊት አጠገቡ ተቀመጠች። ብርድ አጥንት ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሆነ ታውቃለች። ሸክላዋን አየች። «ግማሹን ብሰጥህስ?»

«ግማሹ አይበቃኝም።»

ያለ ፍም የሚያሳድራት ቤት እንደሌለ አሰበች። በአጥር ሥር ማደርን፣ ጅቡን፣ ማንም ስሟን ሳይጠራ መቀበርን አሰበች። ሁሉንም ገና ከቤቷ ስትወጣ አስባው ነበር። ክዳኑን ከፈተች፤ ከየምድጃው የተዋጣውን ፍም በሙሉ በዘንዶው ምላስ ላይ ገለበጠች።

ሙጃር ተነፈሰ። አመዳዩ ቀለጠ። ገላውን ሲፈታ ውሃው እያጓራ ወደ ቆላ ወረደ። ዘንዶውም እሳቱን ሊመልስላት ወደ ሸክላዋ እፍ አለ፤ ሸክላው ግን እንደ ሰም ቀለጠ።

«ምን ላድርግልሽ?» አላት አዝኖ።

«ጎንህን አስጠጋልኝ» አለችና ሰሌኗን ዘረጋች።

ወንዙ ከተመለሰ ከብዙ ቀናት በኋላ ዶርማል የሐመልሚትን በር አንኳኳ። መልእክቱን ነግሯት ፍሙን በምድጃዋ ላይ ጨመረ።

«ይህን የሰጡኝ እናትሽ ናቸው።»

«እሷስ?»

«ውሃው ወርዷል፤ እሳቸው ግን አልወረዱም።»

ጠዋት ሐመልሚት ከምድጃዋ ፍም ወስዳ በአመድ ዳፈነች። ጅቡን፣ ብርዱን፣ የሚሰበረውን ድልድይ እያሰበች ገመድ ጨመረች። ነፋስ አልነበረም። ክዳኑን አጥብቃ ወደ ተራራው መንገድ ጀመረች።