«ይምጡ» ያልኩበት ቤት

ይሄ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በህልሜም አይደለም። አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ ደረሰ ቢሉኝ ኖሮ ስቄ አልፍ ነበር።

ግንቦት ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጨለማ የለም... ሌሊት የለም... አናት የሚበሳ ጠራራ ፀሐይ ነው።

ቢፒን እባላለሁ። በአህመዳባድ አሮጌ ከተማ እንግዶችን በእግር እያዞርኩ ሳስጎበኝ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠባብ መንገዶቹን፣ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚያሾልኩትን ቀዳዳዎች ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባቸዋለሁ። የማስጎበኘው ግን ጠዋት ጠዋት ነው። በግንቦት ቀትር እዚያ የሚዞር ወይ እብድ ነው ወይ እንግዳ።

ያን ቀን የመጡት ጋሽ ኒርሞል የሚባሉ፣ ከኮልካታ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ማታ ባቡር አለባቸው። ይሄን ከተማ በእግሬ ሳልረግጥ ብመለስ ሬሳዬም ይቆጨዋል ብለው ለመኑኝ። ሳቄ መጣና እሺ አልኩ።

ከቤት ስወጣ ሚስቴ ናያና በር ላይ ያዘችኝ። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በሰባተኛ ወራቸው ጨንግፈውብናል። ሦስተኛውም እንዳይደገም ብላ ያልተሳለችበት ቤተ መቅደስ የለም።

«እስክወልድ ለቅሶ ቤት እንዳትገባ።»

«አልገባም።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት። እኛ ዘንድ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሰው ከለቅሶ ቀጥ ብሎ አይገባም። ለሌላው ወግ ነው... ለእኛ ግን ሁለት ልጅ የቀበርንበት ጉዳይ ነበር።

ወደ ሰፈሩ ገባን። መጀመሪያ የገረሙኝ እርግቦቹ ናቸው። በአደባባዩ መሃል እህል የሚበተንላቸው ማማ አለ፤ በቀትር ጥላው ስር ሞልተው ነው የሚውሉት። ያን ቀን እህሉ እስከ አፉ ሞልቶ ፈሷል።

እርግብ ግን አንድም የለም።

ቀጥሎ ዝምታው። በዚያ ሰዓት ከየመስኮቱ ማንኮራፋት ይሰማል፣ የጣሪያ ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማል። ምንም የለም። የጋሽ ኒርሞል ትንፋሽ ብቻ...

ከዚያ አንድ መታጠፊያ እንዳለፍን ጫማዎቹን አየሁ።

አንድ በር ላይ ሠላሳ አርባ ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም።

«ጋሼ፣ በሌላ በኩል እንሂድ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምነው?»

«ለቅሶ ቤት ነው።»

ለቅሶ ቤት ከሆነ ግን ሰው አለ፤ ሰው ካለ ድምፅ አለ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጫማዎቹ ላይ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ ተኝቷል።

በሩ ተከፈተ።

ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ናቸው። ፊታቸው ደግ ነው። እሱ ነው እስከዛሬ የሚያስጨንቀኝ፣ ደግ መሆናቸው።

«ግቡ ልጆቼ። ውሃ ቅመሱ።»

በዚያ ሙቀት ውሃ የሰጠን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰበብ ስፈልግ ጋሽ ኒርሞል ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የያዙት ውሃ ካለቀ ቆይቷል፣ ከንፈራቸውም ተሰነጣጥቋል። አልፈረድኩባቸውም።

ደፉ ላይ ቆሜ ጠራኋቸው። አንዴ... ሁለቴ... መልስ የለም። ሽማግሌ ናቸው፤ ሙቀቱ ጥሏቸው ቢሆንስ? ናያናን አሰብኩ። መሃላዬን አሰብኩ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ውስጡ ይበርዳል። ወለሉ ላይ ለለቀስተኛ የሚነጠፈው ነጭ አንሶላ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ደጅ ያ ሁሉ ጫማ አለ፣ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የለም። ጋሽ ኒርሞል ብቻ መሃል ላይ እንደ ለቀስተኛ እግራቸውን አጣጥፈው ከነሐስ ኩባያ ይጠጣሉ። ይጠጣሉ... ይጠጣሉ... ኩባያውን ከአፋቸው አያነሱትም።

ግድግዳው ላይ የሟች ፎቶ የሚደረግበት ፍሬም ተሰቅሏል። የአበባ ጉንጉኑ አሁን የተቆረጠ ይመስል ውሃ ያንጠባጥባል።

ፍሬሙ ውስጥ ፎቶ የለም።

አሮጊቷ ጆሮዬ ስር መጡ። ሲራመዱ አልሰማሁም።

«ስንተኛ ወሯ ነው?»

«የማን?»

«የሚስትህ።»

«ሰባተኛ።» ለምን እንደመለስኩ እስከዛሬ አላውቅም።

«የኔዋ ልጅም ሰባተኛ ወሯ ነበር» አሉ ፍሬሙን እያዩ። «የልጅ ልጄን ሳላቅፈው ቀረሁ።»

ጋሽ ኒርሞልን በብብታቸው አንስቼ ወደ በሩ ጎተትኳቸው። እዚህ ላይ ነው ስህተቱን የሠራሁት።

እኛ ከሰው ቤት ስንወጣ ደህና ሁኑ አንልም። «ይምጡ» ነው የምንለው፤ ወጪውም ይላል፣ ቀሪውም ይላል። ለቅሶ ቤት ግን ይሄ ቃል አይወጣም። ዝም ብለህ ተነስተህ፣ ዞር ሳትል ትሄዳለህ። እዚያ ቤት የሚሰማህ ባለቤቱ ብቻ አይደለማ።

እኔ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት በየደጁ «ይምጡ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ደጁ ላይ ስደርስ እጆቼ ራሳቸው ለስንብት ተጋጠሙ። አፌም ራሱ ተከፈተ።

«ይምጡ እሺ፣ እማማ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«እመጣለሁ።»

ወደ ሰፈሩ መውጫ ሮጥን። መውጫው ላይ የሞተ ሰው ስም የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ አለ። ስንገባ ባዶ ነበር። አሁን በነጭ ጠመኔ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ የዛሬው ቀን ተጽፎበታል። «ለቅሶ መድረሻ፦ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት» ይላል። የሟች ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው።

ከሰሌዳው አጠገብ ልብስ ሰፊው ራምኒክ የስፌት መኪናው ስር ተኝቷል። ቀሰቀስኩት። ማን ሞተ ስለው ማንም አለኝ፤ ፀሐይ መትቶሃል፣ ሂድና ተኛ ብሎም ቀለደብኝ። ሰሌዳውን አሳየሁት።

ቀልዱ እዚያው ቆመ።

«ጠመኔው የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሳጥኑ ተቆልፏል።»

ያ ባዶ ቦታ ለማን እንደተተወ ሳስብ ናያና ትዝ አለችኝ። ጋሽ ኒርሞልን ሆቴላቸው በር ላይ ጥዬ በባጃጅ ወንዙን ተሻገርኩ። ቤቴ ሩቅ ነው፣ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ደጅ ካለው ቧንቧ ስር ከነልብሴ ቆሜ ታጠብኩ፤ እየታጠብኩ አለቀስኩ።

ናያና ምስር እየለቀመች ነበር። ደህና ናት። ሆዷን ነካሁት፣ ልጁ ረገጠኝ። እፎይ አልኩ።

«እንግዳ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«ማን?»

«አሮጊት። አንተ ጠርተሃቸው እንደመጡ ነገሩኝ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ስምንት ተኩል ቢሆን ነው።»

ስምንት ተኩል ላይ እኔ ያ ነጭ አንሶላ ላይ ቆሜ ነበር።

«ምን አደረጉሽ?»

«ምን ያደርጉኛል? ሆዴን ዳሰሱኝ። እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል በዚህ ሙቀት።»

«ሲሄዱ... ምን አልሻቸው?»

ሳቀች። «ምን እላለሁ? ይምጡ ነዋ።»

የዚያን ቀን እውነቱን አልነገርኳትም። እስከዛሬም አልነገርኳትም።

ሰባተኛው ወር አለፈ። ስምንተኛው አለፈ። ማታ ማታ ትንፋሿን ስቆጥር አነጋ ነበር። በዘጠነኛው ወር ሴት ልጅ ወለደች። ኡርሚ አልናት። ዛሬ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉንፋን እንኳ ይዟት አያውቅም። ሐኪሙ እንዲህ ያለች ልጅ አላየሁም ይላል። ላመስግን ወይስ ልፍራ አላውቅም። ሁለቱንም ነው የማደርገው።

አንድ ነገር ግን አለ...

ሁልጊዜ ስምንት ተኩል ሲሆን ጨዋታዋን ትታ ደጃችን ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። ስንጠራት አትሰማም። ትንሽ ቆይታ ወደ ጥግ ጠጋ ትላለች፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደምትለቅ።

ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ለቀቀችው ቦታ ታዘነብልና ታሳርፈዋለች። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እንቅልፍ ይወስዳታል። አትወድቅም።

ጎኗ ላይ ግድግዳ የለም።