የጋሽ ላቀው መኪና አልነሳም አለች

የላይኛዋ አዋሽ ከተማ መኪኖች ጠዋት ጠዋት የባለቤታቸው መዳፍ ሲነካቸው ያጉረመርማሉ፤ ሰውም እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ አድርጓቸው ይወጣል። የመኪና ቁልፍ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ሞተራቸው «ልማደኛ» ነው፤ የሚያስነሱትን ሰዎች መዳፍና አመል ለምዶ ይይዛል። ላልለመደው ሰው ንቅንቅ አይልም።

መካኒኩ ቦጋለ የጋሽ ላቀው መኪና ተጎትታ ወደ ጋራዡ ስትገባ ሲያይ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከኋላዋ ኢንጂነር ሙሉነህ፣ ያ የተሞላቀቀ፣ በእግሩ ይኳትናል።

ሁለቱም የአሮጌው መካኒክ የጋሽ ላቀው ተለማማጆች ነበሩ። ብሎን ሲፈታ፣ ግሪስ ሲልስ የኖረው ቦጋለ፤ ለትምህርት የተላከው ሙሉነህ። ሽማግሌው አምና ሲሞቱስ መኪናዋን ለማን ተናዘዙ? ለሙሉነህ! ለቦጋለ ምርቃት ብቻ።

«ቦጌ፣ በሞቴ፣ ጋሼ ከሞቱ ወዲህ አልነሳ ብላ ቆማለች፤ አቅላጩ ዛሬ በዚህ ያልፋል» አለ ሙሉነህ።

አቅላጩ ሞተሯ የማይነሳን መኪና እየለቀመ ብረቷን የሚያቀልጥ የከተማው ማሽን ነው።

«ዲግሪህን አሳያታ! ምናልባት ታከብርህ ይሆናል።»

«ስደበኝ፤ ብቻ አስነሳልኝ።»

ቦጋለ ባትሪውን ለካ፤ ሙሉ ነው። ሽቦውን ተከተለ፤ አልተቆረጠም። መዳፉን መሪው ላይ ጫነ፤ ዝም። «ሞታለች» ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ያላገኘኋት ትቅለጥ! ዞሮ ሲሄድ ግን የኋላ ክዳኗን ተደገፈ። ሞተሩ «እምም» አለና ጠፋ።

«አየህ? ታውቀኛለች! ለማን እንደምትገባ ከሽማግሌው ይልቅ እሷ ታውቃለች!»

«እስቲ ዞር በል» አለ ሙሉነህ፣ እጁንም ክዳኗ ላይ አሳረፈ። «እምም» አለች፤ ጠፋች።

እኩል። ለሙሉነህ ምናለ ትንሽ ብትቀንስ!

ከመንገዱ ማዶ የአቅላጩ ጉምጉምታ ተሰማ። ለቦጋለ ድንገት የድሮው ዳገት ታየው። ባትሪው በደከመ ቁጥር ሽማግሌው መሪውን ይዘው «ግፉ ልጆቼ!» ይሉ ነበር፤ እሱ በቀኝ፣ ሙሉነህ በግራ፣ እየተሰዳደቡ። የሽማግሌው መዳፍ ከአፈር ሲገባ ለሞተሩ የቀረው ልማድ ይኸው የሁለቱ ግፊያና ስድብ ብቻ ነው።

«ግራህን ያዝ፣ አንተ ሰነፍ!»

«አንተ ነህ ድሮም የማትገፋው!»

ተያይዘው ገፏት፤ መኪናዋ አጓራች። አቅላጩ ደረሰ፤ ድምጿን ሰማ፤ አለፈ።

ቦጋለ ግን አልበረደለትም። ዕድሜውን ሙሉ «ጋሼ አዳልተውብኛል» ብሎ ነዷል፤ ለሁለቱም እኩል ካስለመዷት መኪና አለማዳላታቸውን ማወቅ ደግሞ ባሰበት። ሰው መወደድ ብቻውን መች ይበቃዋል? ከወንድሙ በልጦ መወደድ ነው የሚሻው። ይህን ብረቷ አልተማረችም።

«ነገስ?» አለ ሙሉነህ ላቡን እየጠረገ። «ልማዷን ጠርገህ ለእኔ መዳፍ ብቻ ማስለመድ አይቻልም?»

ይቻላል። የአንድ አፍታ ሥራ ነው።

«አይቻልም» አለ ቦጋለ። «እዚሁ ታድራለች። ጠዋት ጠዋት ትመጣለህ።»

«ዕድሜ ልኬን?»

«ምን ላድርግህ? አንተ መኪና ወረስክ፤ እኔ አንተን ወረስኩ።»

ሙሉነህ ሳቀ። ቦጋለ አልሳቀም፤ የልማድ መጥረጊያውን መሣሪያ ግን ሣጥኑ ውስጥ ከታች አድርጎ ቆለፈበት።