አሥራ አራቱ ሳህኖች

ዓምደ ሚካኤል የሞተው ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ አርብ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አሥራ አራት ሳህን ፊቱ ተደርድሮ ነው። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ሲደርሱ አስከሬኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከሳህኖቹ ሥር የሚነዱትን ትንንሽ ሻማዎች ግን ማንም አላጠፋቸውም፤ በላተኛው ሞቶ ወጡ አሁንም ቀስ እያለ ይንተከተካል።

«ቱሊፕና ቅርንፉድ» የሚባለው ይህ ሲያትል፣ ባላርድ ሰፈር ያለ ምግብ ቤት የሆላንድ ነው። ሆላንዶች ኢንዶኔዢያን ሲገዙ የለመዱትን ምግብም ያቀርባል፤ «ሬይስታፈል» ይሉታል። መሐል ላይ ሩዝ ይቀመጥና ዙሪያውን ሥጋው፣ ዓሣው፣ አትክልቱ በየትንሹ ሳህን ይደረደራል። አንድ ማዕድ ከብበው መብላት ለለመዱ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም ወደዚያ ጠረጴዛ ማየት አልፈለገም።

ማንአልሞሽ አዲስ አበባ ሳሉ ሃያ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ሲያትል ከመጡ ወዲህ አስተርጓሚ ናቸው። ሥራዎ የሰው ቃል ማሻገር ብቻ ነው ተብለው እሺ ብለዋል፤ ዓይናቸው ግን እሺ ብሎ አያውቅም።

መርማሪ ፖሊሱ ኮሊንስ በር ላይ ተቀበላቸውና ነገሩን ባጭሩ ነገራቸው። ሟቹ ኦቾሎኒ ከቀመሰ ጉሮሮው ተዘግቶ የሚሞት ሰው ነው። ምግብ ቤቱም ይህን አውቆ ጠረጴዛው ላይ ኦቾሎኒ እንዳይደርስ ተስማምቶ ነበር። ትናንት ግን በሚስቱ በሠርካለም ስም ሌላ ኢሜይል መጣ። ኮሊንስ ከስልኩ አነበበላቸው፦ «ነገ አርብ ስለሆነ ጾመኛ ነኝ። ለእኔ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት የአትክልት ሳህን ከነኦቾሎኒ ስጎው ይቅረብልኝ። ስጎው ለብቻው ይከደን፤ ከባለቤቴ አርቀዋለሁ።»

«ነፍስ የሚያድነው መርፌ ደግሞ የተገኘው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው» አለ ኮሊንስ። «የላቦራቶሪው ውጤት ሰኞ ይደርሳል። ያኔ አስራታለሁ።»

ማንአልሞሽ ጠረጴዛውን ዞሩት። የአትክልቱ ሳህን እንደመጣ ነው፤ ማንም አልነካውም። አጠገቡ ያለው የኦቾሎኒ ስጎ ግን ክዳኑ ሲነሣ ግማሹ የለም። ከሟቹ ፊት «ሬንዳንግ» የሚሉት ጠቆር ያለ፣ የሚያቃጥል የበሬ ሥጋ ወጥ አለ። ሠርካለም ተቀምጣ በነበረችበት በኩል ያለው ሳህን ላይ ሁለት የዶሮ አጥንት ቀርቷል። አጥንቶቹ ላይ ዓይናቸው ትንሽ ቆየ።

ሠርካለም ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ስታያቸው እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ እኔ አላዘዝኩም። የአትክልቱ ሳህን ሲመጣ ቤቱ የጋበዘን መስሎኝ ነው። ኦቾሎኒ እንዳለው ሲነግሩኝ ክዳኑን እንኳ ሳልነካ ወደ ዳር ገፋሁት።»

«መርፌውስ የኔ ልጅ?»

«ከቤት ስንወጣ በእጄ ነው ኮቱ ኪስ የከተትኩለት። ሲያፍነው እዚያ መስቀያው ጋ ሮጬ ኮቱን ገለበጥኩት፤ የለም! ቦርሳዬ እኮ አጠገቡ ተሰቅሏል። በስንዝር ርቀት… እዚያ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?» እጃቸውን ጠበቅ አደረገች። «እኔን ከወሰዱኝ ልጄ ሃሴት ምን ትሆናለች? አራት ዓመቷ ነው። አሁን ፍቅሬ ከሕፃናት መዋያው ፒክ አደርጋታለሁ ብሎኛል።»

ፍቅሬ የምትለው የባሏ ታናሽ ወንድም ፍቅረ ሥላሴ ነው። በስድስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር አሜሪካ መጥቶ ሊንውድ ከተማ ያደገ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ኬንት፣ እነሱ ቤት የኖረና የወንድሙን የጭነት መኪና የሚነዳ ወጣት ነው። ማንአልሞሽ ቀና ሲሉ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ እነሱ ሲያይ አገኙት።

ኑሪያ የሠርካለም ጓደኛ ናት፤ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አብረው ይሠራሉ። በንዴት ነበር የጠበቀቻቸው።

«ሶ፣ እሷ ናት ገዳይ ሊሉን ነው? ሰውዬው ጠረጴዛውን ቡክ ያደረገው እኮ ለእሷ ልደት ነው!»

«አንቺ ምን በላሽ?»

«ሥጋቸውን አልበላም፤ ዓሣና ሩዝ ነው። ሠርኬ ዶሮውን ስታጣጥም 'ምነው አንቺም በበላሽ' እያለች ትስቅብኛለች። ባለፈው አርብም ሥራ ቦታ ጥብሷን ይዛ መጥታ እንዲሁ ስታስጎመጀኝ ነበር።»

«ከምሳው በፊት ያየሽው ነገር አለ?»

ኑሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መኪና ፓርክ ሳደርግ ወንድማማቾቹ ውጭ ቆመዋል። ዓምዴ 'እስከ ሰኞ እጠብቅሃለሁ፤ አንተ ካልሄድክ እኔው እሄዳለሁ' አለው። የት እንደሆነ አልገባኝም። ሲያዩኝ ዝም አሉ።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ማርይኬ ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ናት። የማንአልሞሽ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ምግቡ ከተደረደረ በኋላ ማን ማን ከወንበሩ ተነሣ?

«ሦስቱ» አለች ማርይኬ። «እጃችንን እንታጠብ ብለው ወደ ጓዳው ኮሪደር ሄዱ። አንድ ቧንቧ ብቻ ስለሆነ ቆዩ። ወጣቱ ግን የእጅ መጥረጊያ ወረቀቱ ይበቃኛል ብሎ ቀረ። መርማሪው ከውጭ የገባ ሰው እንዳለ ነው የጠየቀኝ፤ ይህን አልጠየቀኝም።»

ፍቅረ ሥላሴ በመጨረሻ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ኀዘኑም የውሸት አይመስልም።

«እትዬ፣ ይህን ማለት አልፈልግም ነበር። ሶ… ሠርኬ አርብ ሥጋ አትነካም። ኔቨር! ሦስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ጾመኛ ነኝ ብላ ካዘዘች በኋላ ዶሮ በላች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጾሙ ኤክስኪዩዝ ነው እትዬ። ኦቾሎኒውን ጠረጴዛው ላይ ለማምጣት ነው።»

ማንአልሞሽ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተረጎሙ። ኮሊንስ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። እሳቸው ግን የዚህን ልጅ ፊት ትክ ብለው አዩ።

«ልሂድ እትዬ? ሃሴትን ላምጣ።»

«ኑሪያ ሄዳለች» አሉት። አልሄደችም ነበር። ወዲያው ወጥተው ክንዷን ያዟት፦ «ልጅቷን አሁኑኑ አምጫት። አጎቷ ቢመጣ እንኳ እንዳትሰጪ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።» ኑሪያ ፊታቸውን አየችና ሳትጠይቅ ሮጠች።

ያን ቅዳሜና እሑድ ማንአልሞሽ የወንድማማቾቹን ነገር አጣራ እያሉ ኮሊንስን እንቅልፍ ነሡት። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲያጥበው፣ ሁሉም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሳህኖቹ ተነሥተዋል። የዓምደ ሚካኤል ወንበር ባዶ ነበር፤ ኮሊንስ በር በሩን ይዞ ቆሟል። ሠርካለም ለእሷ የመጣ መስሏት አንገቷን ደፍታለች።

«ላቦራቶሪው ኦቾሎኒውን ያገኘው ሬንዳንጉ ውስጥ ነው» አሉ ማንአልሞሽ። «ወጥ ቤቱ አልጨመረውም። የተከደነው ስጎ ተከፍቶ ግማሹ እዚያ ተገልብጧል። ሬንዳንጉ ስለሚያቃጥል ሌላው ጣዕም አይለይም። ይህ የተደረገው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«ማን እንዳደረገው ለማወቅ ግን መጀመሪያ ስጎውን ማን አስመጣው? የሚለውን እንይ። ኢሜይሉ ጾመኛ ነኝ ይላል። ሠርካለም ጾማ ነበር ኑሪያ?»

«ኧረ! ዶሮ በላች አልኩ እኮ።»

«መርማሪው፣ ፍቅረ ሥላሴም፣ ውሸቷ እዚህ ላይ ተጋለጠ ብለዋል። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ባሏን ለመግደል ጾመኛ ነኝ ብላ የዋሸች ሴት፣ ያን አንድ ሰዓት አትክልቱን እየቆነጠረች ውሸቷን ትጠብቃለች። ይቺ ግን ሁሉም እያያት አትክልቱን ገፍታ ዶሮ በላች፤ እየሳቀችም ጓደኛዋን አስጎመጀች። ምክንያቱም በስሟ የተጻፈውን አታውቅም።»

ፍቅረ ሥላሴ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ኦኬ፣ ታዲያ ጾሟን ለምን አፈረሰች?»

«አላፈረሰችም» አሉ ማንአልሞሽ። «ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ረቡዕም አርብም አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል። ሙስሊሟ ኑሪያ እንኳ አብራት ስለምትውል ባለፈው አርብ ጥብስ ስትበላ አይታለች፤ ኢሜይሉን እሷ ብትጽፈው ይህን አትጽፍም። ዓምደ ሚካኤልም ያውቃል፤ ደግሞም ራሱን አልገደለም። አርብ ሁሉ ጾም ነው ብሎ ያመነ፣ ሠርካለም አትክልቱን ስትበላ ወንጀሉም በእሷ ላይ ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው። ዶሮውን ስትበላ ደነገጠ፤ ከዚያ ግን ይህም ጠቀመኝ ብሎ ለእኔ በአፉ ነገረኝ። አንተ ነህ ፍቅረ ሥላሴ።»



«ሦስቱ ሊታጠቡ ሲሄዱ ብቻህን ቀረህ። ስጎውን ገለበጥክ፤ መርፌውን ከወንድምህ ኮት አውጥተህ እሷ ቦርሳ ውስጥ ከተትክ።»

«ለምን? ዋይ ዉድ አይ?» ድምፁ ቀጥኗል።

ኮሊንስ ከበሩ ሳይነቃነቅ በእንግሊዝኛ መለሰ፤ ማንአልሞሽ ለሠርካለም ተረጎሙላት። መጋቢት ላይ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ አንድ ነጭ የጭነት መኪና አሮጊት ገጭቶ አምልጧል፤ ሴትዮዋም ሞታለች። እሑድ ዕለት ኬንት የቆመው የዓምደ ሚካኤል መኪና ሲፈተሽ የፊት መከላከያው ተቀይሮ ተገኘ። የዚያን ቀን ሾፌሩ ማን እንደነበር መዝገቡ ላይ አለ።

«ወንድምህ ያወቀው አሁን በቅርቡ ነው» አሉ ማንአልሞሽ። «እጅህን ስጥ ብሎ እስከ ሰኞ ቀን ሰጠህ። ሰኞ ዛሬ ነው።»

ፍቅረ ሥላሴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። 

«ካንተ ጋር ልሂድ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እጅህን ይዤ አብሬህ እገባለሁ አለኝ። እኔ ግን ጄል… አልቻልኩም።»

ሠርካለም ተነሣች። ማንአልሞሽ ትመታዋለች ብለው ፈርተው ነበር። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ቆማ እንደማታውቀው ሰው አየችው።

«ሦስት ዓመት ቤቴ ኖርክ» አለችው። «ሦስት ፋሲካ። በእነዚህ ሃምሳ ቀናት አርብ አርብ ከመንገድ ስትገባ ፍሪጁ ውስጥ የምታገኘውን ጥብስ ማን፣ መቼ ሠርቶ ያስቀመጠልህ መሰለህ?»

ፍቅረ ሥላሴ ቀና ብሎ አያት። ከሁሉ ይልቅ ይኼ ጥያቄ ያልጠበቀው ነበር።

«የሐሙስ ትርፍ መስሎኝ ነው» አለ።

ሠርካለም ጀርባዋን ሰጠችው። ኮቷን ለበሰችና ኑሪያን መኪናውን እንድታስነሣ ነገረቻት፤ ሃሴት ከመዋያ የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር።