በሄልሜቱ ውስጥ የነበረው ውሃ

ይህ የደረሰው በእኔ ቤት ነው። ከሰው ሰምቼ የማወራው አይደለም።

ሚያዝያ 1956 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ድሬዳዋ፣ መጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር።

ጠዋቱ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር። ባለቤቴ በድሩ ሻዩን ቆሞ ጠጣ። እኔ የተማሪዎቼን ደብተሮች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላት ጎረቤታችን ኤዶ ካልቱን የሱቋን በር ስትከፍት ማጠፊያው እንደ ልማዱ ጮኸ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም።

በድሩ ሞተር ሳይክሉን ከግቢ እየገፋ ሲያወጣ፣ "ዛሬ ጆሮዬ ምርመራውን ካለፈ ፓፓያ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለኝ።

ስለ ጆሮው መጀመሪያ ልንገራችሁ።

በድሩ የስልክ መስመር ተቆጣጣሪ ነበር። በሞተር ሳይክል ወደ ዋሂልና ወደ ጀልዴሳ ይሄዳል። የስልክ እንጨቱ ላይ ይወጣል፣ ትንሿን መሞከሪያ ስልክ ከሽቦው ጋር ያገናኝና ያዳምጣል። መስመሩ የት ጋ እንደተበላሸ የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ያ ጆሮ እየደከመ ነበር።

ከመንገድ ሲመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠራሁት አይሰማኝም። ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ፉጨት አለ። ሐኪሙ ብዙ አላመነታም።

"ሄልሜትህ ውስጥ የሚገባው ነፋስ ነው" አለው። "ከሞተሩ ይልቅ ጆሮህን የሚጎዳው እሱ ነው።"

መሥሪያ ቤቱም ሰማ። ሚያዝያ ላይ የጆሮ ምርመራ ያደርጋል፤ ከወደቀ ከመስመር ሥራ ይነሳል ተባለ። በድሩ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሌላ ሥራም አይፈልግም ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ነው። ነፋሱን እኔ አስቆመዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

በሄልሜቱ ጠርዝ ዙሪያ አጫጭር የሱፍ ክሮች በሙጫ ለጠፍኩ። ነፋሱ የሚገባው ክሩ አብዝቶ በሚንቀጠቀጥበት በኩል ነው። ከኋላው ተቀምጬ ለማየት ስንነሳ ኤዶ ካልቱን ከሱቋ ወጣች።

"ወሪያ በድሩ! ዛሬ ደግሞ እንደ ሙሽራ አጌጥክሳ!"

"ምን ላድርግ ኤዶ፣ የተማረች አግብቼ!"

"አቦ ቻለው! ፊደል የቆጠረችው እሷ፣ መከራው አንተ!"

ክሮቹ የተንቀጠቀጡት ከጆሮው በታችና በማጅራቱ በኩል ነበር። ነፋሱ የሚገባው ከሥር ነው።

ከፍየል ቆዳ አንገትጌ ቆርጬ ውስጡን በሱፍ ሞላሁት። ለጆሮዎቹ ሁለት ክብ ትራሶች ሰፋሁ። ነፋስ ላይ የሚርገበገበውን የማሰሪያ ጫፍ አጥፌ ሰፋሁት። የቁልፎቹን ቀዳዳ በሰም ደፈንኩ።

በመጀመሪያው ቀን እየሳቀ ተመለሰ።

"የለም! ነፋሱ የለም!"

"የመኪና ጥሩምባስ?"

"እሱማ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ። የጠፋው ነፋሱ ብቻ ነው።"

በሳምንቱ ፉጨቱም ቀነሰ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በአሥረኛው ቀን ግን ሳይስቅ ገባ። ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ውስጡ አየ።

"ቱሪያ..."

"ወዬ።"

"ውስጡ ውሃ አለ።"

ገልብጬ አየሁት። ደረቅ ነው።

"የሚታይ አይደለም" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የሚሰማ ነው።"

ራሴ ላይ አደረግሁት። ምንም አልሰማሁም።

"የደምህ ድምፅ ነው" አልኩት። "ባዶ ጣሳ ጆሮህ ላይ ስትደፋ የምትሰማው ዓይነት። ነፋሱ ሸፍኖት ነበር፣ አሁን ተገለጠ።"

ሄልሜቱን ከራሴ ላይ አነሳው።

"ደም ድንጋይ ያንከባልላል?"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ከሦስት ቀን በኋላ ከጀልዴሳ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

"መንገድ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ" አለኝ። "ነፋስ የለም። ሰው የለም። መሬቱ እንደ አመድ ደርቋል። ውሃው ግን አለ... ትናንት ሩቅ ነበር።"

"ዛሬስ?"

"ቀርቧል።"

ሄልሜቱን ሲያወልቅ ማጅራቱን ዳበስኩት። ፀጉሩ ረጥቧል። ላብ ነው አልኩ በልቤ።

ላብ ግን እንደዚያ አይቀዘቅዝም።

እጄን አሸተትኩት። የእርጥብ አሸዋ ሽታ ነበረው። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ሱፍ ደጋግሜ ጨመቅሁት... ደረቅ ነው።

ይህን ለበድሩ አልነገርኩትም። ማስረዳት የማልችለውን ነገር ከማውራት ዝም ማለት ቀለለኝ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ከምርመራው አንድ ቀን በፊት፣ መቀሱን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"ፍቺልኝ።"

"ምኑን?"

"የሰፋሽውን ሁሉ። ነፋሱ ይሻለኛል።"

"ነገ እኮ ነው ምርመራው! ጆሮህ ገና መዳኑ ነው። አንድ ቀን ታገሠኝ።"

"ቱሪያ..." አለ በሹክሹክታ። "ከኋላዬ ደርሷል።"

"የለም፣ በድሩ። እውነት አይደለም። ስትሰማው የለም በለውና ዝም ብለህ ንዳ።"

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

"እሺ" አለ።

ያምነኝ ነበር።

አሁን ወደ ሐሙስ ጠዋት ልመለስ።

መሥሪያ ቤቱ ያለው ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። ከእኛ ሰፈር ወደ ከዚራ አቋራጩ በደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ወንዝ ነው። ግመል ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ተራራው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ ድንገት ይመጣል። ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። የድሬ ሰው ከደቻቱ የሚድነው በጆሮው ነው።

ይህን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

በድሩ ወደ አሸዋው ወረደ። እኔ ዳሩ ላይ ቆሜ ሸኘሁት። መሐል ሲደርስ... ቆመ።

አንድ እግሩን መሬት አስነካ። እጁን አንስቶ ሄልሜቱን በጆሮው በኩል ነካው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ሩቅ ስለነበር አልተናገረም። ጣቱን ወደ ጆሮው ቀስሮ፣ ራሱን በጥያቄ ነቀነቀ።

ይሄኛውስ?

እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። አላህ ምስክሬ ነው፣ ምንም አልሰማሁም።

እጄን አውለበለብኩለት። ሂድ፣ ምንም የለም... እንደ ማለት።

ፈገግ አለ። እግሩን አነሳ።

ከኋላዬ የኤዶ ካልቱን ጩኸት መጣ። "ደቻቱ! ደቻቱ መጣ! ወሪያ ውጣ! ውጣ!"

ያን ጊዜ ሰማሁት። ድንጋዩን ሰማሁት።

በድሩ አልቸኮለም። የለም በለው ብዬው ነበርና፣ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አገኙት። ስለዚያ አልጽፍም።

ራሱ ላይ ሄልሜት አልነበረም።

በአርባኛው ቀን ገዲ የሚባል ግመል ጠባቂ ከጀልዴሳ በኩል መጣ። ሄልሜቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል። ከግቢው በር አላለፈም።

"አሸዋ ላይ ተቀምጦ ነበር" አለኝ። "ሰው ያስቀመጠው ይመስላል።"

"ግባ እንጂ፣ ውሃ ጠጣ።"

"አይ እህቴ። ከዚህ ዕቃ ጋር አንድ ቤት አልገባም።"

አስረክቦኝ ሄደ።

ጨርቁን ፈታሁት። አንድም ስፌት አልተተረተረም። ውስጡ የአሸዋ ቅንጣት የለም። ሱፉ በሰፋሁበት ቀን እንደነበረው ደረቅ ነው። የአገጩ ማሰሪያ... እንደተቆለፈ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ግቢው ውስጥ ቧንቧውን ከፍቼ ባልዲ እየሞላሁ ነበር። የውሃውን ጩኸት እያዳመጥኩ ማሰሪያውን ፈታሁና ሄልሜቱን ራሴ ላይ አደረግሁት።

መጀመሪያ ዝም አለ።

ከዚያ ከሩቅ መጣ። ውሃ። ከውሃው ሥር ድንጋይ። እየቀረበ... እየቀረበ... ማጅራቴ ቀዘቀዘ።

በመሐሉ የሞተር ሳይክል ድምፅ አለ። ሞተሩ ዝግ አለ። ከዚያ፣ ከትከሻዬ የማይርቅ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ...

"ቱሪያ፣ ይሄኛው እውነት ነው?"

"አዎ!" አልኩ። "አዎ በድሩ! እውነት ነው! ተመለስ! ወደ እኔ ተመለስ!"

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ጮህኩ፣ ጮህኩ...

ውሃው ቆመ።

ቀስ ብሎ አልራቀም። በአንድ ጊዜ ቆመ። ሞተሩም፣ ድንጋዩም፣ እሱም።

ሄልሜቱን አወለቅሁ። በግቢው ፀጥታ ነበር። ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

እግሬ ቀዘቀዘኝ። ወደ ታች አየሁ።

ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ውሃው በጫማዬ ላይ እየሄደ ነው... ያለ ምንም ድምፅ።

"አንቺ ልጅ!" አለች ኤዶ ካልቱን ከሱቋ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። "ቧንቧውን አትዘጊውም? ጩኸቱ እስከ መንገድ ይሰማል እኮ!"

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። አሁንም አስተምራለሁ። ሐኪም መርምሮኝ ጆሮሽ ደህና ነው ብሏል። ደመና በተራራው ላይ ሲታይ ኤዶ ካልቱን ሱቋን ትዘጋና እጄን ይዛ ደቻቱን ታሻግረኛለች። ለምን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

የባቡሩ ፊሽካ ይሰማኛል። የተማሪዎቼ ሹክሹክታ ይሰማኛል። የሱቁ በር ማጠፊያ ይሰማኛል።

የጎደለኝ የውሃ ድምፅ ነው።